ግቢ

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሁለት መቶ አርባ።
ውሃው በፈረቃ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ እየሳለ የሚገባ፤
ሊፍት ሳይገባበት በቀረው ጉድጓድ ላይ
ርግብ ቤት ሠርታለች፣ ዕጣ ወጣ ሳትል፣ ካርታዋን ሳታይ።

እኔ ከአራተኛ ፎቅ እወርዳለሁ ማታ፣
ደባሎቼ «አጥፊው» ሲሉኝ በቁጣ፣ በተርታ፤
ከበሩ አምፖል ሥር፣ የዘበኛውን ቆርቆሮ ደገፍ ብዬ፣
ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ ጥራዝ ጉልበቴ ላይ ጥዬ።

ቀን ቀን አቃቂ ነኝ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ።
«ለተከበረው ችሎት» ብዬ እጀምራለሁ፣
የሰው በደል በገጽ፣ በሃምሳ ብር እጽፋለሁ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው እንባ ሳደርቅ በነጠላ ሰረዝ፣
የክሱን ፍሬ ነገር ከእርግማኑ መሐል ለቅሜ ስመዝ፣
«ቀሪው በችሎት ፊት በቃል ይብራራል» ብዬ ስፈጽም፣
ሲብራራ ግን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።
ወረቀቴ ይገባል። ባለጉዳዩ ይገባል።
እኔ ጃንጥላዬን እይዛለሁ።

የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያው አስራ አንድ ቀን ቀረው።
ሕግ ግን አይጠይቅም፣ ጥራዙን ስመረምረው።
የሚጠይቀኝ እንዲህ ነው፦
ሁሉም ዳኞች ካባ ለባሽ ናቸው።
አንዳንድ ካባ ለባሾች ሙሽሮች ናቸው።
ስለዚህ አንዳንድ ዳኞች ሙሽሮች ናቸው።
ሀ) እውነት ለ) ሐሰት ሐ) ከተሰጠው አይታወቅም

ሐ ነው መልሱ። እኔ ሀ ብዬ ነበር፣ ስቄ፣
አንዱን ዳኛ ሲሞሸር በዓይኔ አይቼ፣ አውቄ።
ለካ የማውቀውን ሁሉ በር ላይ ትቼ እንድገባ ነው
ፈተናው የሚያዘው።

ጋሽ ቂጤሳ ዘበኛው፣ ካፖርቱን ደርቦ፣
«እኔም ጥያቄ አለኝ» ይላል አጠገቤ ቀርቦ።
«አንድ ሰው ነበረ፣ ምስር ይዘራ ነበር፣
አንቺ ከተቀመጥሽበት እስከዚያኛው አጥር።
ማሳው ፎቅ አበቀለ። ሰውየው ግን ቀረ፣
በወር ሦስት ሺህ ብር እዚያው ተቀጠረ።
ሌሊት ይጠብቃል። ድሮም ይጠብቅ ነበር፤
ያኔ ከጃርት፣ ከከርከሮ፤ አሁን ከሌባ።
እንግዲህ ይህ ሰው ምንድን ነው?
ሀ) ባለቤት። ለ) ዘበኛ። ሐ) ሁለቱም። መ)»

«መ ላይ ምን አለ?» አልኩት።
«መን አንቺ ሙዪው» አለኝ።

እንደ ልማዴ ልጽፍለት ብዕሬን አነሳሁ፤
«ለተከበረው» ካልኩ ወዲያ የሚቀጥለውን ረሳሁ።
ካሳ የሚሉት አለ፣ ፈርሞ የወሰደው፤
ይርጋ የሚሉት አለ፣ ዝም ብሎ ያለፈው፤
እነዚህን ከአጥር ውጭ በጆሮዬ ለቅሜያለሁ።
እሱም ያውቃቸዋል። የጠየቀኝ ሌላ ነው።

ሦስት ሌሊት አሰብኩ። «ከተሰጠው አይታወቅም» ልበል?
እሱ ግን ያውቃል፤
ምስሩ በየትኛው ሳምንት እንደሚያብብ፣
ውርጩ ከየትኛው ጥግ እንደሚጀምር፣
ብሎክ ሁለት መቶ አርባ ምን ላይ እንደቆመ።

የፈተናው ዕለት፣ ሌሊት አስር ሰዓት ተኩል፣
መታወቂያ፣ ካርኒ፣ ሁለት እርሳስ በፌስታል።
ሰንሰለቱን ፈታ፤ የብረቱ በር አቃሰተ፤
የቱሉ ዲምቱ ጭጋግ ገና አልተከፈተ።
«መን ሞላሽው?» አለኝ።
«ገና ነኝ፣ ጋሼ። ባዶውን ይዤው ልሂድ።»
«ያዢው» አለ። «እንዳይጠፋብሽ።»

ስንት ይግባኝ ጻፍኩ፣ ለሰው፣ በሰው ስም፤
ለራሴ ብዬ ግን አንድም ቀን ይግባኝ አላልኩም።

አውቶቡሱ ጡሩምባ ነፋ። ሮጥኩ።
ማታ ከሥራ ስመለስ ሁልጊዜ እንደሚለኝ፣
አሁን ግን ወደ ውጭ እየወጣሁ ሳለ፣
በሩን በእጁ ይዞ፣
«በይ፣ ግቢ» አለ።